የቱሉ ፈርዳው አባ ጀሪካን

ባሌ ፈረስ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ነው፤ ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ ስለ ባሌ ስለ ሲላስ ብትጠይቁ ከስሙ በፊት የሚነገራችሁ ይኸው ነውና። እኛ ዘንድ ሙሽራ የሚሄደው በፈረስ ነው። ለቅሶ የሚደረሰው በፈረስ ነው። የተከበረ ሰው ደግሞ በፈረሱ ስም ይጠራል። አባቴ ኦቦ ነገሳ ቡላ የሚባል አመድማ ፈረስ ስለነበራቸው አገሩ ሁሉ «አባ ቡላ» ይላቸዋል፤ ነገሳ የሚላቸው የቀበሌ ሰው ብቻ ነው። ፈረስ የሌለው ሰው እናቱ ያወጣችለትን ስም ይዞ ይኖራል። ሲላስም እንደዚያ ነበር የሚኖረው።

የጫሞ ሐይቅ ሰው ነው። አባቱ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ፤ እሱም በእግሩ ሳይሄድ በፊት ጀልባ ላይ መቀመጥ እንደቻለ ያወራል። ሲያወራ ግማሹን እመኑ። ወደ እኛ የመጣው ውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ ሊሠራ ነው። እኔ ያኔ ፋብሪካው በር ላይ እርጎ እሸጥ ነበር። በየቀኑ እየመጣ አንድ ብርጭቆ ይጠጣል፣ ያመሰግናል፣ ይሄዳል። እርጎ ሆዱን እንደሚያውከው የነገረኝ ከተጋባን በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አይወደድም?

አባቴ የሲላስን ጴንጤ መሆን እንደምንም ዋጡት። ከሩቅ አገር መምጣቱንም ዋጡት። ፈረስ አለማወቁ ግን ጉሮሯቸው ላይ ቆመ። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ አንድ ቀን እንኳ ስሙን አልጠሩም። «ጉርባ» ነው የሚሉት፤ በኦሮምኛ ልጁ፣ ጎረምሳው እንደማለት ነው። ጎረምሳው ጢሙ ሸብቷል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እሱ ከሁሉም በላይ አንጀቴን ያሳርረኛል። ሽማግሌ ፈረስ ላይ ሲወጣ ኮርቻው ወደ እሱ እንዳይዞር ከወዲያኛው ጎን አንድ ሰው እርካቡን ይዞ በክብደቱ ይጫናል። ይህ የማንም ሥራ አይደለም፤ የልጅ ሥራ ነው። በተጋባን በመጀመሪያው ጥምቀት አባቴ ፈረስ ሊወጡ ሲሉ ሲላስ ሮጦ ሄዶ እርካቡን ያዘ። አባቴ ቀና ብለው አዩትና «ዲሲ፣ ሞቲ አለ» አሉት። ዲሲ ማለት ተው ማለት ነው። ሞቲ ወንድሜ ነው፤ ቡራዩ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ለበዓል ካልሆነ ብቅ የማይል። ሲላስ እርካቡን ለቀቀና እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ወደ እኔ መጣ። እኔ አባቴን ለብዙ ጊዜ አኮረፍኋቸው።

አሁን ስለ ደሴቱ ልንገራችሁ። ደሴት ስላችሁ ባሕር አይታያችሁ። ሜዳችን በበጋ የከብት መዋያ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል፤ ከአዲስ አበባ በመኪና የሚያልፍ ሰው በመስኮት አይቶ «ጎርፍ ነው» ብሎ ያልፋል። መሃሉ ላይ ቱሉ ፈርዳ አለች፤ የፈረስ ጉብታ ማለት ነው። በበጋ ልጆች ሮጠው የሚወጧት እብጠት ናት፤ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ መስቀል ማግስት ግን ዙሪያዋን በውሃ ተከባ ደሴት ትሆናለች።

አናቷ ላይ መብረቅ ለሁለት የሰነጠቀው ጥድ አለ፤ ሁለቱም ግማሽ እስከ ዛሬ አረንጓዴ ነው። ከሥሩ ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለ የፈረስ ማጠጫ ገንዳ አለ። ማን እንደፈለፈለው በውል የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ቅድመ አያት ነው ይላል። የእኛ ቅድመ አያት ነው። ከጥዱ በታች ወደ ፀሐይ መውጫ ግማሹ የፈረሰ የጣሊያን ግንብ አለ። አባቴ እንደሚያወሩት ጣሊያን የአገሩን ፈረስ ሊሰበስብ በመጣበት ክረምት ሰው ሁሉ ፈረሱን ሌሊት እያዋኘ ጉብታዋ ላይ ደበቀ። ጠዋት ወታደሮቹ በካሚዮን ሊከተሉ ሞከሩና ካሚዮኑ እስከ መሪው ሰጠመ። በበጋ ተመልሰው ግንቡን ሠሩ፣ ዘበኛ አቆሙ፤ ክረምት ሲመጣ ዘበኛውም ስንቁ አልቆ እያለቀሰ ወጣ ይባላል። ዛሬ ግንቡ ውስጥ ጉጉት ነው የሚኖረው። በወዲያኛው በኩል ደግሞ የፈረሶች መቃብር አለ፤ ስም ያተረፈ ፈረስ ሲሞት አይጣልም፣ እዚያ ይቀበርና ድንጋይ ይቆምለታል። ቡላም እዚያ ነው ያለው።

የክረምቱ ባለቤቶች ግን ወፎቹ ናቸው። ዳክዬው፣ ሽመላው፣ ሲነሳ አገር የሚያውከው ባለ ረጅም ማንቁር ወፍ ሁሉ እዚያ ነው። ከሁሉም የሚበልጡት ዝይዎቹ ናቸው። ቆመው ሲታዩ አፈር የመሰሉ ናቸው፣ ዞር ብላችሁ አታዩአቸውም፤ ክንፋቸውን ሲዘረጉ ነው ሰማያዊው ብልጭ የሚለው። ከእኛ አገር በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። እንቁላላቸውን ደሴቷ ላይ ሣር ውስጥ ይጥላሉ፤ ጅብና ቀበሮ ውሃውን አቋርጦ አይመጣባቸውምና።

እዚህ ላይ ነው የአባቴ ነገር የሚመጣው። የቱሉ ፈርዳ ሣር የሜዳው ምርጥ ሣር ነው፤ ድርቆሹን ገበያ ላይ ሰው ይሻማበታል። ከጥንት የተያዘው ሥርዓት እንዲህ ነው፤ የደሴቱ አባት የሚባል አንድ ሰው አለ። ጳጉሜ ውስጥ፣ ውሃው ሙሉ ሳለ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ከኮርቻ ሳይወርድ ይሻገራል። የዝይዎቹ ጫጩቶች ጎጆ ለቀው ውሃ መግባታቸውን አይቶ፣ ከጥዱ ሥር አንድ እፍኝ ሣር ነጭቶ ይመለስና ማጭድና ከብት መቼ እንደሚገባ ይናገራል። የተናገረው አይሻርም። ጳጉሜ ሳይሻገር ካለቀበት ግን ቃሉ ወደ ሌላ ሰው ያልፋል፤ አንዴ ካለፈ አይመለስም። አባቴ እኔ ልጅ ከነበርሁበት ጊዜ ጀምሮ የደሴቱ አባት ናቸው። ጫጩት ጎጆ ውስጥ እያለ አንድ ማጭድ አስገብተው አያውቁም።

አምና በሐምሌ ወደቁ። ከፈረስ ወድቀው ቢሆን ወግ ነበረው፤ ደጃፋቸው ላይ ጭቃ አንሸራትቷቸው ነው። ዳሌያቸው ተሰበረ፣ ሐኪም ቤት ብረት ገባበት፣ ዳነም። በምርኩዝ መሄድ ጀመሩ። ፈረስ በጭን መጭመቅ ግን አቃታቸው፤ የሚዋኝ ፈረስ ላይ ጭኑ ያልያዘ ሰው ደግሞ እንደ ከረጢት ነው የሚወድቀው። አንድ ሰው ከኋላ ታቅፏቸው ይሻገር ቢባል «ሙሽሪት ነኝ እንዴ?» ብለው ተቆጡ።

ቀጥሎ ያለው ባለ ተራ ኦቦ ጉታ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከብታቸው ብዙ ነው፣ በዚያ ላይ ፈረስ አዋቂ ናቸው። ለወፍ ግን ደንታ የላቸውም። «አይበላ፣ አይታለብ፣ ምን ይሠራልኛል?» ይላሉ። ቃሉ እሳቸው እጅ ከገባ ውሃው ጉልበት ድረስ ሲወርድ ከብቱን እንደሚነዱበት አልደበቁም። አባቴ ያን ሰሞን ምግብ ተዉ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ውሃውን ያያሉ፣ ያቃስታሉ። የዳሌያቸው ሕመም እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔም አልቅሻለሁ፤ አባቴ በቁማቸው ሲሞቱ ማየት ነበር።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አልጋችን የለም። ፍራሹ መሬት ላይ ተጥሏል፤ ብርድ ልብሱ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። ወደ ጓሮ ስወጣ ሲላስ የሰርጋችንን አልጋ ገልብጦ ከሥሩ ባዶ የዘይት ጀሪካን ያስራል። ቢጫ ጀሪካን ግቢውን ሞልቶታል፤ የሠፈሩን ሱቅ ሁሉ ለምኖ ነው የሰበሰበው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልሁት።

«ጀልባ።»

«አልጋዬን?»

«ጠንካራ እንጨት ነው» አለኝ፣ እኔን ደስ የሚለኝ ይመስል። «አባትሽን አሻግራቸዋለሁ። ይሄ ውሃ እኮ አዞ እንኳ የለበትም ጠጄ፣ ምን ያስፈራል?»

ወሬው በአንድ ቀን አገር አዳረሰ። ኦቦ ጉታ በፈረስ መጥተው አጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ። «አካም ጅርታ፣ አባ ጀሪካን?» አሉት። ደህና ነህ ወይ ማለታቸው ነው። አብረዋቸው የመጡት ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅ አዋቂው «አባ ጀሪካን» ይለው ጀመር። ሲላስ አብሮ ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም፤ በፈረስ ስም ማሾፍ ምን ማለት እንደሆነ እሱ አያውቅም፣ እኔ አውቃለሁ።

አባቴ ጀልባውን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። «በአልጋ የሚሄድ ሬሳ ነው። እኔን በቁሜ በአልጋ ልታወጡኝ ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኛ ዘንድ በአልጋ ተሸክመው የሚወስዱት በሽተኛና ሬሳ ብቻ ነው። ሲላስ ጥቂት አሰበና ወደ ቤታቸው ገባ። የቡላን ኮርቻ ተሸክሞ ወጣ። እንጨት ሳጥን አልጋው መሃል ላይ ቸነከረ፣ ኮርቻውን ከላይ አሰረ፣ እርካቦቹን ግራና ቀኝ ለቀቀ።

«አልጋው ላይ አይደለም የሚቀመጡት» አላቸው። «ኮርቻዎ ላይ ነው።»

አባቴ ኮርቻውን በእጃቸው ዳበሱት። «ኤዬ» አሉ በመጨረሻ። እሺ ማለታቸው ነው።

በጳጉሜ፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ አገሩ ዳርቻው ላይ ተሰበሰበ። ሞቲም ከቡራዩ መጣ፤ ሚኒባሱን አሳጥቦ፣ መነጽር አድርጎ። ፈረሰኞቹ ከኦቦ ጉታ ጋር በአንድ በኩል ቆመዋል። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ አለንጋቸውን ይዘው፣ ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ጀልባው ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ እኔ ራሴ ገረመኝ፤ አልጋዬ ላይ እንዲህ ያለ ሞገስ አይቼ አላውቅም።

ሲላስ «መሃሉን ይርገጡ፣ ጠርዙን አይርገጡ» አላቸው።

አባቴ ግን ዕድሜያቸውን ሁሉ እንዳደረጉት አደረጉ። ወደ ጎን ቀረቡ፣ አንድ እግራቸውን እርካብ ውስጥ አስገቡ፣ ኮርቻውን ጨብጠው ተነሱ። የፈረስን መሃል ማን ይረግጣል? ጀልባው እንደ ሰሐን ተገለበጠ፣ ጀሪካኖቹ ወደ ሰማይ ተነሱ፣ አባ ቡላ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ጭቃ ውስጥ ተቀመጡ። ሳቁ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። ሞቲ መነጽሩን አውልቆ ሊያነሳቸው ሄደ። «ይበቃል አባባ፣ ወደ ቤት እንግባ» አላቸው። ከአባቴ ጢም ውሃ ይንጠባጠባል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬም አዝኜም አላውቅም።

ሲላስ ጀልባውን ገልብጦ አስተካከለው። ከዚያ እንደገና መሃሉን ይርገጡ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ እሱ ግን ውሃው ውስጥ ዞሮ ወደ ወዲያኛው ጎን ሄደ። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ የወዲያኛውን እርካብ በሁለት እጁ ያዘና ተንጠለጠለበት። ሙሉ ክብደቱን ጣለበት። ከዚያ ቀና ብሎ አባቴን አያቸው፤ ሲጠብቅ እንደኖረ ሰው ነው ያያቸው።

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ፈረሰኞቹ ምን እያደረገ እንደሆነ ገባቸው። አባቴም ገባቸው። ተው አላሉትም። ከጭቃው ተነሱ፣ እግራቸውን እርካብ ውስጥ አስገቡ፣ ተነሱ፤ ጀልባው ወደ እሳቸው ሊያዘነብል ሲል የሲላስ ክብደት ያዘው። ያልታዘዘላቸውን እግር ሞቲ አንስቶ አሻገረላቸው። አባቴ ኮርቻቸው ላይ ተቀመጡ።

እኔም ከኋላ ተጫንሁ። ለክብር አይደለም፤ «ክብደት ያስፈልገኛል» አለኝ ባሌ። ወይ ሲላስ።

በረጅም አጣና መሬቱን እየገፋ ወሰደን። መጀመሪያ አባቴ አለንጋቸውን ጨብጠው ነበር የተቀመጡት፣ ሊመቱት ያሰቡ ይመስል። ከዳርቻው ስንርቅ እጃቸው ላላ። ፈረስ ሲዋኝ ይንፈራገጣል፣ ያሽካካል፣ ውሃውን ያናውጣል፤ ወፉ ሁሉ ከሩቅ ይሸሻል። አባቴ ያን ሁሉ ዓመት ሲሻገሩ ያዩት የዝይ ጀርባ ብቻ ነበር። ጀልባው ግን ድምፅ የለውም። ቄጠማው መሃል ስንገባ አንዲት ዝይ ጫጩቶቿን አስከትላ ከፊታችን ወጣች። አልሸሸችም። ከአባቴ እርካብ ሥር፣ እግራቸውን ልትነካ ምንም ሳይቀራት፣ አለፈች። ጫጩቶቹ ገና ላባ ያላወጡ ብናኝ የሚመስሉ ናቸው፤ አንዱ ኋላ ቀርቶ እየተንጫጫ ሮጠ። አባቴ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር የሚያዩት።

«ለካ እንዲህ ነው የሚሄዱት» አሉ፣ ለራሳቸው።

ደሴቷ ላይ ሲላስ አዝሏቸው ወረደ። መታዘላቸውን ያየው ጉጉቱ ብቻ ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ አልተናገርሁም። በገንዳው ውሃ ፊታቸውን ታጠቡ፣ በግንቡ በኩል አለፉ፣ ከቡላ መቃብር አጠገብ ድንጋዩ ላይ እጃቸውን ጭነው የሆነ ነገር አሉ፤ አልሰማሁም። ጥዱ ሥር ሲደርሱ ገና ያልተፈለፈለ እንቁላል ላይ የተኛች ዝይ አገኘን። ያን ዓመት ዘግይተው ነበር። አባቴ ራቅ ብለው ሣራቸውን ነጩና «ከመስቀል በኋላ፣ ውሃው ራሱ ሲሄድ» ብለው ወሰኑ። ከብቱ ይጠብቃል።

ስንመለስ አባቴ ኮርቻቸው ላይ ሆነው ጌራርሳቸውን ጀመሩ፤ ፈረሰኛ ድል አድርጎ ሲመጣ የሚያዜመውን። ከወደቁ ጀምሮ ያን ድምፅ አልሰማሁትም ነበር። ቡላን ጠሩ፣ አባታቸውን ጠሩ፣ የሰጠመውን ካሚዮን ሳይቀር ጠሩ። ከዳርቻው ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። እኔ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ፤ ደስታ ነበር።

ሣሩን ከፍ አድርገው ያዙና ቃላቸውን ተናገሩ። ከፈረሰኞቹ አንድ ጎረምሳ «በአልጋ ነው እኮ የተሻገሩት፣ ይሄ ይቆጠራል?» አለ። ሰው ሁሉ ወደ ኦቦ ጉታ ዞረ። እሳቸው «አይቆጠርም» ቢሉ ነገሩ ይበጠበጥ ነበር። ኦቦ ጉታ ግን ፈረሰኛ ናቸው፤ ያዩትን አይክዱም።

«ኮርቻ ላይ ነበሩ» አሉ። «ውሃው ላይ አልወረዱም።» ከዚያ ከፈረሳቸው ወርደው በእግራቸው ቆሙ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወረዱ። ለታላቅ ሰው ነው እንዲህ የሚደረገው።

አባቴ ሊወርዱ ተዘጋጁ። ሞቲ ጫማውን አውልቆ ውሃ ውስጥ ገባና የወዲያኛውን እርካብ ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

«ዲሲ፣ ሞቲ» አሉ አባቴ፣ አገር በሚሰማው ድምፅ። «አባ ጀሪካን አለ።»

የሳቀ አንድም ሰው አልነበረም። ሲላስ አጣናውን ጣለ፣ ዞሮ ሄዶ እርካቡን ያዘ፣ ተጫነ። አባቴ ቀስ ብለው ሲወርዱ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉና «ኢልማ ኮ» አሉት። ልጄ ማለት ነው። ይህን ቃል ማንም አልተረጎመለትም፤ ገባው።

ዛሬ ጫንጮ ገበያ ስወጣ የማላውቃቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ «አባ ጀሪካን ደህና ነው?» ይሉኛል፤ እኔም ደህና ነው እላለሁ፣ ትንሽ እየኮራሁ። አሁንም ፈረስ አያውቅም። ዘንድሮም ሐምሌ ሲገባ ጀልባውን አውጥቶ ገመዱን ማጥበቅ ጀምሯል፤ ኦቦ ጉታም መጥተው ዝይ በቅርብ ማየት እንደሚፈልጉ አፍረው ነግረውታል። አልጋዬን እንዲመልስልኝ አባቴን አማልዱኝ ብላቸው በጣም ተቆጡኝ። «የሰው ፈረስ ፈልጠሽ ልትተኚበት ነው?» አሉኝ። እናም ፍራሻችን እስካሁን መሬት ላይ ነው።